«ቴል»፦ መንገር፣ መቁጠር፣ ማርዳት

ባለፈው ወር መጨረሻ ላይ የእህቴን ልጅ አስከትዬ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ባንክ ገብቼ ነበር። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ሰልፉ ረዥም ስለ ነበረ ዐይኗ ያረፈበትን ጽሑፍ ሁሉ እያነበበች ትጠብቅ ነበር። ከመስኮቶቹ በላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን «ቴለር 1»፣ «ቴለር 2»፣ «ቴለር 3» የሚለውን አንብባ ጥቂት ካሰበች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ‹ቴል› ማለት መንገር አይደለም እንዴ? እነዚህ ሰዎች ምን የሚነግሩት ነገር ኖሯቸው ነው ነጋሪ የተባሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ወጣት በዚያው ቅጽበት አንድ እስር ባለ 200 ብር ኖት ፈትታ በመቁጠሪያው ማሽን ላይ አስቀመጠች፤ ማሽኑ እየተርገበገበ ቆጥሮ ሲጨርስ አልበቃትም፤ ጣቷን በስፖንጅ አርሳ በእጇ ደግማ ቆጠረችው። እኔም «ይኸውልሽ፣ እያየሽው ነው፤ የዱሮው ‹ቴል› ይህ ነበር» አልኋት።

እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርሁ 17 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት እንዳየሁት ተማሪዎቼ የሚሰናከሉት በረዣዥሞቹና ብርቅ በሆኑት ቃላት አይደለም፤ እነዚያንማ ሸምድደው ይይዟቸዋል። የሚያሰናክሏቸው በየገጹ የሚገኙት፣ አጫጭሮቹ፣ ሁሉም ሰው ዐውቃቸዋለሁ ብሎ የሚያልፋቸው ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል ስለ ንግግር የሚያገለግሉት አራቱ ግሶች፣ ማለትም «ሴይ»፣ «ቴል»፣ «ስፒክ» እና «ቶክ» ይገኙባቸዋል። ዛሬ ስለ «ቴል» ብቻ ልጽፍ የፈለግሁት፣ ከአራቱ መካከል አጥብቆ ሰሚውን የሚፈልግ ግስ እርሱ ስለ ሆነ፣ ይህንንም ጠባዩን የወሎ ልጅ በእናቱ ቋንቋ አስቀድሞ የሚያውቀው ሆኖ ሳለ እኛ መምህራን ሳናስታውሰው በመቅረታችን ልጁ እንደ ባዕድ ነገር ስለሚታገለው ነው።

በመጀመሪያ የእህቴን ልጅ ጥያቄ ልመልስ። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ቴላን» የሚለው ግስ መተረክ ብቻ ሳይሆን መቁጠርና ማስላትም ነበር። ለእንግሊዝኛ የቅርብ ዘመድ በሆነው በሆላንድኛ «ቴለን» እስከ ዛሬ ድረስ መቁጠር ማለት ነው፤ በጀርመንኛም «ጼለን» መቁጠር ሲሆን፣ ከፊቱ ትንሽ ቅጥያ ሲጨመርበት «ኤርጼለን» ይሆንና መተረክ የሚል ትርጉም ያገኛል። እንግሊዝኛ ለመቁጠር «ካውንት» የሚለውን ቃል ከፈረንሳይኛ ከተዋሰ በኋላ የ«ቴል» የቆጠራ ትርጉም ከዕለት ተዕለት ንግግር ቀስ በቀስ ወጣ፤ ሆኖም ጨርሶ አልጠፋም። ገንዘብ ቆጥሮ የሚቀበለውና የሚከፍለው የባንክ ሠራተኛ «ቴለር» እንደ ተባለ ቀርቷል፤ በእንግሊዝ ፓርላማም የእንደራሴዎችን ድምፅ የሚቆጥሩት ሰዎች «ቴለርስ» ይባላሉ፤ «ኦል ቶልድ» ሲባል ሁሉም ተደምሮ፣ ሁሉም ተቆጥሮ ማለት ነው፤ «አንቶልድ» የተባለ ሀብትም ያልተነገረ ሀብት ሳይሆን ተቆጥሮ የማያልቅ ሀብት ነው።

ይህ የመቁጠርና የመንገር ዝምድና ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ባንኩ ውስጥ ከፊታችን የነበሩት አዛውንት ባለ 200 ብር ኖታቸውን ለወጣቷ ዘርግተው «የኔ ልጅ፣ ይችን ዘርዝሪልኝ» ሲሏት የእህቴን ልጅ በክንዴ ነካ አደረግኋት። «ዘረዘረ» የሚለው ግሳችን ትልቁን ገንዘብ ወደ ትናንሾቹ መመንዘር ነው፤ ደግሞም አንድን ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ በአንድ ማውራት ነው። «ነገሩን ዘርዝሮ ነገረኝ» የሚል ሰውና «ዝርዝር አለሽ?» ብሎ ባለ ሱቋን የሚጠይቅ ሰው የሚጠቀሙበት ቃል አንድ ነው። ማንበብ የተማረ ሰውንም «ፊደል የቆጠረ» እንለዋለን፤ ሕፃኑ በስንደዶ እየነካ «ሀ ሁ ሂ» ሲል ድምፅ እያወጣም እየቆጠረም ነውና ትክክል ነው።

ከሁሉም ይልቅ ግን የዱሮውን «ቴል» በሕይወት እንዳለ የሚያሳየኝ የዘር ቆጠራ ነው። በእኛ አካባቢ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠራል። አያቴ ይህንን ሲያደርጉ በልጅነቴ አጠገባቸው ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አይሉም፤ እያንዳንዱ ቁጥር ስም ነው፣ ከስሙም ጋር ሰውዬው ከየት እንደ መጣ፣ ማንን እንዳገባ፣ በየትኛው ክፉ ቀን ቀዬውን ለቆ እንደ ሄደ ይነገራል። ቤቶቹ ተቆጥረው ሲያልቁ ታሪኩም ተነግሮ ያልቃል፤ የት ላይ መቁጠሩ አብቅቶ የት ላይ መተረኩ እንደ ጀመረ ለይቶ የሚያሳይ ሰው አይገኝም።

አሁን የማይዘወተር፣ ነገር ግን በድሮ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች የሚገኝ አንድ አነጋገርም አለ፤ የጸሎት መቁጠሪያን ዶቃ በጣት እያሳለፉ መጸለይ በእንግሊዝኛ «ቴሊንግ ቢድስ» ይባል ነበር። ዶቃ ማለት የሆነው «ቢድ» ራሱ ቀድሞ ጸሎት ማለት ነበር፤ ጸሎት የሚቆጠርበት ነገር ቆይቶ የጸሎቱን ስም ወሰደ። ይህን ባነበብሁበት ሰሞን የእናቴን የከሰዓት በኋላ ቡና በሌላ ዐይን ማየት ጀመርሁ። እናቴ ክርስቲያን ናት፤ የቅርብ ጎረቤቷ እትዬ፣ ልጆች ሆነን እቅፋቸው ውስጥ ያደግነው፣ ሙስሊም ናቸው። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪፈላ ድረስ ባለው ጊዜ ወሬው ለአፍታ ጋብ ሲል እትዬ ተስቢሃቸውን ያወጣሉ፤ 33 ጊዜ ሱብሐነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ እያሉ ዶቃውን በአውራ ጣታቸው ይገፉታል። እናቴም የራሷን መቁጠሪያ ከአንገቷ አውጥታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ዕጣኑ ይጨሳል፤ ሁለቱም ለሚሰማቸው እየነገሩ ይቆጥራሉ። በረካው ሲቀዳ ሁለቱም መቁጠሪያዎች ወደየቦታቸው ይመለሱና ወጉ ካቆመበት ይቀጥላል።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። ተማሪዎቼ «ሂ ሴይድ ሚ» ብለው የሚጽፉት ከስንፍና የተነሣ አይደለም። አማርኛው «አለኝ» ይላል፤ ሰሚው በግሱ ጫፍ ላይ ይለጠፋል፤ «አለ» ደግሞ በመዝገበ ቃላት «ሴይ» ተብሎ ተተርጉሟል፤ ስለዚህ ልጁ በትክክል አስቦ ትክክል ያልሆነ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። እንግሊዝኛው «ሴይ» የሚመለከተው የተባለውን ቃል ነው፤ ሰሚው መግባት ካለበት «ቱ» በሚለው መስተዋድድ በኩል ይገባል። «ቴል» ግን ሰሚውን ያለ ምንም አገናኝ ከጎኑ ያስቀምጠዋል፤ «ሂ ቶልድ ሚ»፣ «ሺ ቶልድ ኧር ማዘር»። ለተራ ወሬ ሰሚው ሳይጠቀስ «ሂ ቶልድ» ብሎ ማቆም ዓረፍተ ነገሩን ጎዶሎ ያደርገዋል።

በዚህ ላይ የፊደላችን ጠባይ ይጨመርበታል። «አለኝ» ‹ለ›ን አላልተን ስናነበው ሌላው ሰው ለእኔ የተናገረውን ይገልጻል፤ አጥብቀን ስናነበው ደግሞ ያለኝን ንብረት ይገልጻል፤ ፊደሉ ግን መጥበቅና መላላትን አይለይም። «ወንድሜ ‹ብር አለኝ› አለኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሲያነቡት ሁሉም ያለ ስሕተት የመጀመሪያውን አጥብቀው ሁለተኛውን አላልተው ያነቡታል። ማንም አላስተማራቸውም። ይህንን ያህል ረቂቅ ልዩነት በጆሮው የሚለይ ልጅ «ሴይ»ን ከ«ቴል» መለየት አይሳነውም፤ የሚያስፈልገው ትክክለኛውን ጥንድ ማግኘት ብቻ ነው።

ትክክለኛው ጥንድ «ነገረ» ነው። «ነገረኝ»፣ «ነገረሽ»፣ «ነገራቸው» ስንል ሰሚው ሁልጊዜ አብሮ አለ። «ነገረ» ብቻውን ሲቆም ጆሯችን «ለማን?» ይላል፤ ልክ «ቴል» ብቻውን ሲቆም የእንግሊዛዊው ጆሮ እንደሚለው። «ተናገረ» ግን ሰሚ ሳይኖረውም ይቆማል፤ ስለዚህ ወደ «ስፒክ» ይጠጋል። ለተማሪዎቼ ይህንን ባስረዳሁበት ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ‹ተናገረኝ›ስ?» አለችኝ። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ ከተጠየቅኋቸው ሁሉ የምወደው ነው። «ተናገረኝ» ሲባል ነገረኝ ማለት አይደለምና፤ ክፉ ቃል ተናግሮ አስቀየመኝ ማለት ነው። «ምን አጠፋሁና ትናገረኛለህ?» ብሎ የተቆጣ ሰው ሁሉ ይህንን ያውቀዋል።

ይህም ወደ ሌላው የ«ቴል» ቤተሰብ ይወስደናል። እንግሊዝኛ መገሠጽንና መቆጣትን «ቴል ኦፍ» ይለዋል። ይህ አነጋገር ቀድሞ በሠራዊት ዘንድ ወታደሮችን ቆጥሮ ለአንድ ግዳጅ መለየት ማለት ነበር፤ ወደ ተግሣጽ የዞረው ከጊዜ በኋላ ነው። እኛስ ምን እንላለን? «ልክ ልኩን ነገረው» እንላለን። ልክ መለኪያ ነው፤ አጥፊው የሚገባው መጠን ተለክቶ ተሰጠው ማለታችን ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ተግሣጽን ከመለካትና ከመቁጠር ጋር ማገናኘታቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። «ቴል ኦን» ደግሞ ማሳበቅ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ልጆቹ ድርጊቱን ከስሙ ቀድመው ያውቁታልና።

ሰሚ ሳይጠቀስ «ቴል» የሚቆምባቸው ጥቂት ቦታዎች ስላሉ እነርሱን ሳልጠቅስ ባልፍ ተማሪዎቼን አሳስታለሁ። እውነት፣ ውሸት፣ ተረት የሚነገሩት በ«ቴል» ነው። ሰዓትን ማወቅም «ቴል ዘ ታይም» ይባላል፤ እዚህ ላይ ነው ለእኛ ልጆች ችግሩ እጥፍ የሚሆነው። ቀኑን ከንጋት ጀምረን ስለምንቆጥር፣ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚጀምርበት 2 ሰዓት በእንግሊዝኛ 8 ሰዓት ነው፤ ተማሪው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቆጠራውንም በ6 ሰዓት ማዛወር ይኖርበታል። ሆኖም ጥያቄያችን ራሱ የሚረዳን ይመስለኛል፤ «ስንት ሰዓት ነው?» ስንል የምንጠይቀው ብዛት ነው፤ ሰዓቱ እንዲቆጠርልን ነው የምንፈልገው፤ ይህንን የተረዳ ልጅ «ቴል» ለምን ከሰዓት ጋር እንደ ተጣመረ አይገርመውም።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ትርጉም ነው። «ካን ዩ ቴል ዘ ዲፈረንስ?» የሚለውን ጥያቄ አብዛኞቹ ተማሪዎቼ «ልዩነቱን ልትነግረኝ ትችላለህ?» ብለው ይተረጉሙታል፤ ጥያቄው ግን «ለይተህ ታውቃለህ?» ነው። «ቴል» እዚህ ላይ ከአፍ ወደ ዐይንና ወደ እጅ ይሄዳል፤ በምልክት ማወቅ፣ መለየት ይሆናል። ይህንን ለማስተማር ሰኞ ገበያ ቅቤ ከምትገዛ እናት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እናቴ ከቅሉ ጥቂት በጣቷ ጨልፋ በእጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች፤ ትጠብቃለች፤ ታሸተዋለች፤ በመጨረሻም ምንም ሳትናገር ወይ ገንዘቧን ታወጣለች ወይ ወደ ቀጣይዋ ሻጭ ታልፋለች። ሻጯ «ምነው እማማ?» ብትላት «ያስታውቃል» ብቻ ነው መልሷ። እንግሊዝኛው ይህንን «ያስታውቃል» የሚለውን «አይ ካን ቴል» ይለዋል። እኛም «ፊቱ ይናገራል» የምንልበት ጊዜ ስላለ መንገዱ ፈጽሞ አልተዘጋብንም።

ማዘዝም በ«ቴል» ይገለጻል፤ «ቴል ሂም ቱ ካም» እንዲመጣ ንገረው ማለት ነው፤ አማርኛው ፊት ለፊት ስለሚገጥመው ይህ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ክብሩ ነው። እኛ «ንገረኝ»፣ «ንገሪኝ»፣ «ይንገሩኝ» እያልን ፊታችን ያለው ልጅ ይሁን አንቱ የሚባል አባት በግሱ ውስጥ እናስቀምጣለን፤ «ቴል ሚ» ግን ለሁሉም አንድ ነው። ልጆቹ ቤታቸው በጥሩ ሥርዓት ያደጉ ሆነው ሳለ በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ሻካራ የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ «ይንገሩኝ» ብለው አስበው «ቴል ሚ» ይላሉ፤ በመሐል ክብሩ ይወድቃል። ክብሩን ለማንሣት «ኩድ ዩ ቴል ሚ» ማለትን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሬ አስተምራለሁ።

አንዳንድ ጊዜ ተማሪዎቼ በአንድ ግስ ላይ ይህን ያህል መድከም ለምን እንደሚያስፈልግ ይጠይቁኛል። ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ብዙዎቹ አልፈዋት ሄደዋል። በሚያዝያ ወር 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ጋር የሚላላኩበትን ጉዳይ የሚመለከት ነበር፤ በአማርኛው በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ ይችላሉ ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን በእርሱ በኩል ለመላላክ እንደ ተስማሙ አድርጎ ጻፈው። ኢጣልያም በዚያ አንድ ግስ ላይ ተመሥርታ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች፤ ጠቡም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ደረሰ። የግስ ነገር ቀላል እንዳልሆነ ለወሎ ልጅ ከሩቅ ማስረጃ ማምጣት አያስፈልገኝም።

እኔን ራሴን ግን «ቴል» ከሁሉ አብልጦ ያስጨነቀኝ ከሦስት ዓመት በፊት በክረምት ነው። ደሴ ውስጥ በቀን ሥራ የሚተዳደር አንድ ወጣት በሰው በሰው አፈላልጎ ቤቴ ድረስ መጣ። በስልኩ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት ደርሶት ነበር፤ የአጎቱ ልጅ በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበርና ስለ እርሱ እንደ ሆነ ገምቷል፤ ማንበብ ግን አልቻለም። «መምህር፣ እስቲ ይዩልኝ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። መልእክቱ አራት መስመር ነው። ልጁ ታሞ ሆስፒታል እንደ ገባና እንዳረፈ፣ ቀኑንም ይገልጽና መጨረሻው ላይ «ፕሊዝ ቴል ዘ ፋሚሊ» ይላል። ጻፊው ደግ ሰው እንደ ሆነ ከአጻጻፉ ያስታውቃል፤ ቃሉም ስሕተት የለበትም። እኔ ግን «ቴል» የሚለውን ወደ አማርኛ ለመመለስ አቃተኝ። «ንገሩ» ማለት አልቻልሁም። ሞት በእኛ ቋንቋ አይነገርም፤ ይረዳል። የሚያረዳ ሰው ይመረጣል፤ የሚረዳበት ሰዓት አለው፤ መርዶ የሚለው ስምም የዚሁ ግስ ዘመድ ነው። «ተረዳች» ስንል ሐዘኗ ተነገራት ማለታችን ነው፤ ያው ቃል ደግሞ ነገሩ ገባት፣ አስተዋለችው ማለትም ነው።

ወጣቱን አስቀምጬ ውኃ ሰጠሁት፤ እርሱ ራሱ ቤተሰብ ነውና በመጀመሪያ እርሱን ማርዳት የእኔ ዕዳ ሆነ። ምን እንዳልሁት በትክክል አላስታውስም፤ ብዙ ቃል እንዳልነበረ ብቻ ዐውቃለሁ። በማግሥቱ አብሬው ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የተሁለደሬ ቀበሌ ሄድሁ። እናቲቱ ቤት በቀጥታ አልሄድንም፤ አጎታቸው ቤት አረፍን። ማታ አንድ ሼኽ፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች፣ ከማዶ ያሉ አንድ ቄስና ለእናቲቱ የምትቀርብ እህታቸው ተጠሩ። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን በግራና በቀኝ እንደሚይዛቸው፣ ልባቸው ደካማ ስለ ሆነ ማን ውኃ ይዞ እንደሚቆም ድምፅን ዝቅ አድርገው ተመካከሩ። በዚያች ሌሊት አንድም ሰው የሟቹን ስም ከፍ አድርጎ አልጠራም፤ ወሬው ከእኛ ቀድሞ እንዳይደርስ ልጆች እንኳ ከቤት እንዳይወጡ ተደረገ። መልእክቱ ስልክ ላይ ከወጣ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ «ቴል» የተባለው ቃል ግን ገና መንገድ ላይ ነበረ።

ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ሄድን። ካፊያ ነበረ፤ ጭቃው ይይዛል። ግቢው በር ላይ ስንደርስ እናቲቱ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው ውኃ ሊቀዱ እየወጡ ነበር። ሼኹን አዩ፤ ሽማግሌዎቹን አዩ፤ እህታቸውን በዚያ ሰዓት ነጠላዋን አጣፍታ አዩ። ማንም አፉን አልከፈተም። ጀሪካኑን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡትና «ማንኛው ነው?» አሉ። ሁለት ልጆቻቸው ከአገር ወጥተው ነበር። ሼኹ የልጁን ስም የጠሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ሲሉ እህታቸው አስቀድማ ይዛቸው ነበር።

ሰላቱ ተሰግዶ፣ ሐዘን የሚደርሰው ሰው በየተራው መጥቶ፣ በአራተኛው ቀን ወጣቱ ስልኩን ይዞ እንደገና ወደ እኔ መጣ፤ ለመልእክቱ መልስ መስጠት ያስፈልግ ነበር። «ዘ ፋሚሊ ሃዝ ቢን ቶልድ» ብዬ ጻፍሁ። ጽፌ ሳበቃ ለረዥም ጊዜ አየሁት፤ ሌላ የምጽፈው ቃል ፈልጌ በእንግሊዝኛ ስላጣሁ እንዳለ ላክሁት። ወጣቱ ማያ ገጹን እያየ «መምህር፣ ምን ብለው መለሱላቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ተረድታለች ብዬ ነው የጻፍሁላቸው» አልሁት።